በጾም የታረደ የገና ዶሮ

ከሚኒባሱ የወረደችው ፈረንጅ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ደረቱ ላይ አጋዘን የተጠለፈበት የሱፍ ሹራብ ለብሳ ነበር። ላቧ በአፍንጫዋ እየተንጠባጠበ አቀፈችኝና "መልካም ገና!" አለችኝ። የመናኸሪያው ባጃጅ ነጂዎች መሳቃቸውን ትተው አዘኑላት። ታኅሣሥ ገና መጋመሱ ነው። አገሩ ሁሉ ጾም ላይ ነው። የእኛ ገና የሚውለው እሷ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ የሥራ ጓደኛ ናት፤ እህቴ የተከራየችውም የእሷን እናት ቤት ነው። በየዓመቱ አንድ አገር እየመረጠች የዚያን አገር ገና ማየት ትወዳለች። እህቴ አንድ ቀን "የእኛን ባየሽ!" ብትላት፣ ገና ያው ገና ነው ብላ ቀኑን ሳትጠይቅ ትኬት ቆረጠች። እህቴም ደስታዋን አይታ ልትነግራት አፈረች። ይሉኝታችን ባሕር ይሻገራል። ለእኔ ደውላ "የሆነ ነገር አድርጉላት" አለችኝ።

"እንንገራት" ብል እናቴ ተቆጣች።

"አገር አቋርጣ የመጣች እንግዳ 'ቀን ተሳስተሻል' ትባላለች? ነውር አታውቅም?"

እናቴን የጨነቃት ግን የቀኑ ነገር አልነበረም። "ልጄ እዚያ ጾሟን ትጾም ይሆን?" የሚለው ነበር። እህቴ በስልክ "እጾማለሁ" ትላታለች፤ እናቴ ግን "በስልክ ማን ያያል?" ትላለች። ለእሷ ጾም የሻረ ልጅ ከእጇ የወጣ ልጅ ነው። አሁን በዓይኗ ያየች ምስክር ከነሹራቧ ቤታችን ገብታለች።

"ዘወር አድርገህ ጠይቃት" አለችኝ።

በእኔ እንግሊዝኛ ዘወር ማለት አይቻልም። ቀጥታውንም የምሄደው ተደግፌ ነው። "እህቴ ምግብ ላይ እንዴት ናት?" አልኳት።

እንግዳዋ የእናቴን ፊት አየችና እጇን ያዘቻት። "በጣም ትበላለች! ሁሉንም ትበላለች! አይስጉ በላቸው።"

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"ትበላለች አለች።"

"ምን?"

"ሁሉንም።"

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጓዳ ገባች። ሁለት ቀን ሙሉ ከምድጃው ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር አላወራችም። በሆዴ ሴትዮዋን ረገምኳት፤ ሰው እንዴት አንድ ጥያቄ መልሶ ቤት ያፈርሳል?

ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ናት። የገናዋ ዋዜማ ላይ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና "ልጄን ጾም ብታስገድፍብኝም በባዶ ሆዷ አልሸኛትም" ብላ ዶሮ አስገዛችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ማን ይረደው? ማን ይሥራው? በጾም ድስቷ ቅቤ አይገባም፤ ሳይቀመስ የተሠራ ዶሮ ወጥ ደግሞ ለጠላትም አይሰጥ።

ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ጭቅጭቁን ስትሰማ ቆይታ አንገቷን ብቅ አደረገች። እሷና እናቴ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ በየቀኑ ካልተነካከሱ የማይውልላቸው ሴቶች ናቸው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮውን ወዲህ በይው! አርጄም፣ ሠርቼም፣ ቀምሼም አመጣልሻለሁ። ረመዳን እንደሆነ ሩቅ ነው።"

"ቅቤው እንዳያንስ!"

"ወላሂ፣ አንቺ የማትበይውን ወጥ ልታዢኝ ነው?"

በማግስቱ ጠዋት እንግዳዋ የገና ጨዋታ አሳዩኝ አለች። የባጃጅ ነጂዎቹን ለመንኳቸው። ዱላውን ከየአጥሩ ነቀልን፤ ሩሩን፣ የእንጨት ኳሷን፣ ማን ቀርጾ ይስጠን? አንዱ ከጭነት መኪና ላይ ትልቅ ሽንኩርት አምጥቶ ጣለልን። ሦስተኛው ምት ላይ ፈነዳ። ሜዳው ሙሉ ወንድ ዓይኑን እያሸ ተበተነ። እንግዳዋ በስልኳ እየቀረጸች "ለምን ያለቅሳሉ?" ብትለኝ፣ ስለተሸነፉ ነው አልኳት። ሁለቱም ወገን? ሁለቱም ወገን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የዕለቱ ጾም ሲፈታ፣ ጎረቤታችን ከነድስቱ መጣች። ወጡ ከእንግዳዋ ፊት ተቀመጠ፤ ሽታው ግን ለሁላችንም እኩል ደረሰ። እኛ ሽሯችንን ከበን፣ እሷ ስትጎርስ ዓይናችን አብሯት ይወጣል ይወርዳል።

"እናንተስ?" አለች።

ምን ልበል? "የእኛ ባህል እንዲህ ነው። የገና ቀን ሙስሊም ጎረቤት ይሠራል፣ እንግዳ ይበላል፣ ባለቤቶቹ ያያሉ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥንት።"

በጣም ደስ አላት። ከዚህ በፊት ያየቻቸውን ነገረችን። አንዱ አገር ቀንዳምና ጸጉራም ፍጥረት ቃጭል አስሮ ሕፃናትን ያሳድዳል አለች። እናቴ አማተበች፣ ጎረቤታችን "አዑዙ ቢላህ!" አለች። ሌላው አገር ጠንቋይ እንዳይሰርቀው መጥረጊያ ይደበቃል ስትለን፣ ጎረቤታችን "የእኔ ምራት ዓመቱን ሙሉ ነው የምትደብቀው" አለችና ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

ያን ጊዜ እንግዳዋ ቤተሰቦቿን እንኳን አደረሳችሁ ልትል በቪዲዮ ደወለች። እዚያም ምሳ ላይ ነበሩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ በግ የሚያክል የተጠበሰ ዝይ፣ ጫፉ ላይ የወረቀት ዘውድ የደፋች እህቴ። እናቴ ስልኩን ከእንግዳዋ እጅ ነጠቀችው።

"ሳህንሽን አሳዪኝ!"

"እማዬ? ምነው?"

"ሳህንሽን!"

እህቴ ግራ ተጋብታ ሳህኗን አነሳች። ሁለት ቅቅል ድንችና ትንሽ ጎመን። ሌላ ምንም የለበትም።

እንግዳዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አየችና ጉልበቷን መታች። "አሁን ገባኝ! በየዓመቱ እንዲህ ናት። እናቴ በየገናው 'ምግቤን ጠላችው' እያለች በስልክ ትከፋብኝ ነበር። ለካ የእናንተ ባህል ነው!"

ተረጎምኩ። "ሁሉንም ትበላለች አላልሽም?" ብዬም ጠየቅኋት።

"ልጇ ለራቀባት እናት ሌላ ምን ይባላል?" አለችኝ።

እናቴ እልል የምትል መስሎኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ፊቷ ተቀየረ።

"ድንች? በዚያ ብርድ ድንች ብቻ? አንቺ ልጅ አብደሻል? ያን ወፍ አሁን ብዪ! ለንስሐ አባትሽ እኔ እነግራለሁ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!"

"አንቺ!" አለች ጎረቤታችን። "አልጾመችም ብለሽ ሁለት ቀን አኮረፍሽ፤ ጾመች ተብሎ ደግሞ ልትቆጪ?"

"አንቺ ዝም በይ! ብዪ አልኩሽ!"

"አልበላም፣ እማዬ" አለች እህቴ። "ፍስክ ሲሆን ምን እንደምትበዪ፣ መቼ እንደምትበዪ አላውቅም። በጾም ግን እናንተ ጋ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን 'አሁን እናቴ ማዕድ ቀረበች' እላለሁ። እኔም ያኔ እቀርባለሁ። አብሬሽ የምበላው በጾም ብቻ ነው።"

እናቴ ስልኩን በዶሮ ወጡ ድስት አስደግፋ አቆመችው። ከሽሮው በእንጀራ ጠቀለለችና ወደ ስልኩ ሰነዘረች። እህቴም ያ ሁሉ ፈረንጅ እያያት አፏን ከፈተች።