ዶይል እግሩን ሲያነሳ

ቨርዲ ሹፕ ወሬ አይሆንላትም። በመንደራችን ይህን የማያውቅ የለም። ካልሲ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ አጠገቧ የምትቀመጠው ሴት፣ «ቨርዲን ጠዋት ደህና አደርሽ ካልኳት መልሱ ለምሳ ይደርስልኛል» እያለች ታስቅባት ነበር። ባሏ ዶይል ደግሞ ከእሷ ይብሳል። እንግዲህ ሁለት ዝምተኞች አርባ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ኖሩ ብትሉኝ፣ አመሻሹ ላይ በረንዳቸው ወጥተው ይጫወታሉ፤ እሱ ቫዮሊን፣ እሷ ባንጆ፣ ያን ከበሮ ፊት ያለውን ባለ ክር መሣሪያ። ቀኑን ተኳርፈው ከዋሉ ቨርዲ አውራ ጣቷን ጠንከር አድርጋ ትመታለች። ዶይልም ይገባዋል፤ የቫዮሊኑን ደጋን ለስለስ ያደርግላታል። እነሱ ቤት ይቅርታ የሚባለው ይኸው ነው።

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ዶይል ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ምስማር ሲመታ ሰማችው።

«ምን ልትሰቅል ነው?» አለችው።

«ቫዮሊኑን። የቅዳሜው የወንዝ ዳር ዝግጅት የመጨረሻዬ ነው።»

«የምን የመጨረሻ?»

«ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። አምና ስንት ቦታ እንደሳትኩ ታውቂያለሽ።»

«ማንም አላወቀም።»

«አንቺ አውቀሻል» አለና መዶሻውን መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

ለዚያ ቤት ይህ ረጅም ወሬ ነው። ቨርዲ ባቄላ ልትለቅም ወደ ጓሮ ወጣች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያስጨነቃት የዶይል ጣት አልነበረም። ቤቱ ነው። ቫዮሊኑ ተሰቅሎ፣ እሱ በአንዱ ወንበር፣ እሷ በሌላው፣ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ሲያወራ ታያት። ከዚህ ሰውዬ ጋር በምን ልታወራ ነው? በአፍ ማውራት በስልሳ ስምንት ዓመቷ ልትማር ነው? ባቄላውን ከነቅጠሉ እየቦጨቀች ቅርጫት ሞላች።

ብቻዋን መጫወት የሚባል ነገር ደግሞ በሐሳቧም አልነበረም። ያሳደገቻት አክስቷ ዜላ ናት ባንጆ ያስተማረቻት፤ ያስተማረቻትም አንድ ነገር ነው። «ከቫዮሊኑ ኋላ ኋላ ሂጂ። እንዳትቀድሚው» ብላታለች። ቨርዲም አልቀደመችም። ሰው ፊት አንዲት ዙር እንኳ ለብቻዋ መትታ አታውቅም፤ እኛም «የዶይል ሚስት ደህና ታጅባለች» ከማለት አልፈን ጠይቀናት አናውቅም። ያሳፍራል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ዓመታዊው የሙዚቃ ዝግጅት እንደ ሁልጊዜው ወንዙ ዳር፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያው በታች ባለው ሜዳ ላይ ነው። ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩን አምጥቶ ተክሎ ይሄዳል፤ የሌላ ሰው ወንበር የሚነካ የለም። ከሰዓት በኋላ ሜዳው በባዶ ወንበር ተሞልቶ ሲታይ፣ የማይታዩ ሰዎች ቀድመው የገቡ ይመስላል። መድረኩ የጭነት መኪና ነው፣ ጎኖቹ ወርደው። ከፊቱ ለጨፋሪዎች ጣውላ ተነጥፏል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሚስቶች ፖም ተሞልቶበት በዘይት የተጠበሰ ኬክ ይሸጣሉ፤ ሽታው እስከ ድልድዩ ይሄዳል።

የቨርዲ የእህት ልጅ ራንስ፣ አምሳ ዓመት አልፎትም ቀልዱን ያልተወ፣ ጊታሩን ታቅፎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ ምነው ዛሬ በወሬ ፈጀሽን?»

«ጊታርህን ቃኝ» አለችው።

የእኛን ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ወረቀት የለም፤ ዜማው ይዞራል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይዞራል። የሚያበቃው ቫዮሊን ተጫዋቹ እግሩን ወደ ፊት ሲያነሳ ነው። እግር ከተነሳ ያቺ ዙር የመጨረሻ ናት፤ ሁሉም እኩል ያቆማል። በመንደራችን ቀይ መብራት የሚጥስ ሞልቷል። የተነሳ እግር የጣሰ ግን እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ከወንዙ ቀጭን ጉም ተነሳ። ሣሩ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አብሪ ትሎች ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ዶይል የመጨረሻውን ዜማ ጀመረ። ራሱ ያወጣው ነው፤ «የዜላ በረንዳ» ይለዋል። በሃያ ሁለት ዓመቱ ቨርዲን ለጋብቻ ሊጠይቅ መጥቶ ቃል አልወጣው ሲል እዚያው በረንዳ ላይ የመታው ነው።

ቨርዲ ዓይኗን ከደን አደረገች። ዜማው በዞረ ቁጥር ሌላ በረንዳ ይመጣላታል። አክስቷ ሊጥ የነካ እጇን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዶይል ቀጭን ነው፣ ፀጉሩ በውሃ ተለጥፏል። ከዚያ የራሳቸው በረንዳ፣ ዝናብ። ከዚያ ያረገዘችው ልጅ ሳይወለድ የቀረበት ዓመት፤ ያኔ ምንም ሳይነጋገሩ ይህንኑ ዜማ አንድ ወር ሙሉ ሲመቱት ከርመዋል። ጣውላው ላይ አንዲት አሮጊት ብቻዋን እግሯን እየጎተተች ትጨፍራለች፤ ጉሙ እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ቨርዲ ከወንዙ ጋር የምትፈስ መሰላት፤ መቼም እንዳያልቅ ተመኘች።

ዓይኗን ስትገልጥ የዶይል ጫማ አየር ላይ ነበር።

አየችው። አላየሁም ብላ አታውቅም፣ ልትልም አትችልም። ጠዋት ጫማውን ቅባት የቀባችው እሷ ናት። ዙሯ አለቀች። ቫዮሊኑ አቆመ፣ ጊታሩ አቆመ። ባንጆው ቀጠለ።

«አክስቴ፣ እግሩን አንስቷል እኮ» አለ ራንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይቻለሁ።»

አራት መቶ ሰው አንገቱን ወደ እሷ መለሰ። ፊቷ በኀፍረት ጋለ፤ ካቆመች ግን ያ የግድግዳ ሰዓት ማውራት ይጀምራል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የምትከተለው ቫዮሊን ስለሌለ ቸኩላ አልተጫወተችም፤ ሰሃን ስታጥብ በሆዷ እንደምታንጎራጉረው ዝግ ብላ መታችው። እኛም ዜማው ያን ያህል የሚያሳዝን መሆኑን ያኔ ነው የሰማነው።

ዶይል ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያት ጀመር። አርባ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ እየመታ እንጂ ዝም ብሎ ሰምቷት አያውቅም። አንድ ዙር ሰማ። ሁለተኛው ሲጋመስ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አስገባ። ፈጣኑን ትቶ፣ ጣቱ የሚችለውን ብቻ፣ ከወፍራሙ ክር ላይ ረጅም ረጅሙን እየሳበ ከኋላዋ ገባ። አንድም ቦታ አልሳተም። ራንስም ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ተከተለ።

ዞሩ፣ ዞሩ። ቨርዲ የዶይልን ጫማ ትጠብቃለች፤ የዶይል ጫማ ወለሉ ላይ ተተክሏል። እሱ ደግሞ ወደ እሷ እግር ያያል። ማቆሚያውን ከእሷ እየጠበቀ መሆኑ ገባት። ትንሽ አዞረቻቸው፤ መቼም አግኝታው አታውቅምና ማን ይፈርድባታል? ከዚያ የጓሮ ጭቃ ያልለቀቀውን የሸራ ጫማዋን አነሳች። ሁሉም እኩል አቆመ።

መኪናው ውስጥ፣ ድልድዩን ሲሻገሩ፣ ዶይል ጠየቃት።

«እግሬን አላየሽም?»

«አየሁ።»

«አይተሽ ነዋ።»

«አይቼ ነው።»

ቤት ሲገቡ ሰማዩ ገና ፈዘዝ ያለ ብርሃን ነበረው። ዶይል ምስማሩ ሥር ቆመ። ቫዮሊኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ባርኔጣውን ምስማሩ ላይ ሰቀለ።

«ነገ በረንዳው ላይ ስትጀምሪ ቀስ በይልኝ» አለ ሳያያት። «ከኋላ መሄድ አልለመድኩም።»

«ትለምደዋለህ» አለችው ቨርዲ። «እኔም ለምጄው ነው።»