ከየካ በላይ ያልታረሰው መስክ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከመሪ ሰፈር የወጣሁት ወተት የምታመጣልኝን ጫልቱን ተከትዬ ነው። የላሞቿ ሣር የሚታጨደው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወንድሟ አቶ ቶሎሳ ከሚኖርበት መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች ተስማምተው የተራራውን ተዳፋት ማረስ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል።

"ዛሬ እንደገና ይታረስ አይታረስ ሊወስኑ ነው" አለችኝ። "ከታረሰ ላሞቼን መሸጤ ነው።"

ቦታውን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

በሚኒባስ መገናኛ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ የካ ሚካኤል ደረስን። ለመንገድ ቆሎ ገዝተን በእግር ዳገቱን ያዝን። ከባህር ዛፉ ሥር ከደረቅ ቅጠል በቀር ምንም የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ከወጣን በኋላ ዛፉ በድንገት አለቀና እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሣር ተዘረጋ። ደረቱ ብጫ የሆነ ወፍ ከእግሬ ሥር ተነስቶ በረረ። ስሙን ጫልቱም አታውቀውም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ጥዱ ሥር

የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ይታረስ የሚለው አቶ ደገፋ የሚባል፣ ብዙ ቤተሰብ ያለው ጎረቤት ነው።

"ሣሩ ለከተማ ላሞች ነው። እኔ ገብስ ከገበያ እየሸመትኩ ነው የምኖረው" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎም ወተቱን ይጠጣሉ፣ አይደል?"

"አዎ" አልኩ።

አቶ ቶሎሳ አልተከራከረውም። "እውነቱን ነው፤ እኔም ተቸግሬበታለሁ" ብሎ ሁላችንንም ቁልቁል ወደ አንድ ምንጭ ወሰደን። "ስናርስ ይህ በጥር ይደርቅ ነበር። አፈሩንም ክረምት ጠርጎ ይወስደው ነበር።"

ደገፋ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጠጣ። "ውሃውን አልካድኩም። ውሃ ግን እንጀራ አይሆንም።"

ያኔ ጫልቱ ተናገረች። "ሣሩን በርካሽ ስወስድ ኖሬአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምከፍለውን ዋጋ እጨምራለሁ። አንዷን ጊደሬንም ለደገፋ እሰጣለሁ፤ እዚሁ ሣር ላይ ያሳድጋት።"

"ስትታለብ ወተቱ የማን ነው?" አለ ደገፋ።

"ያንተ።"

"ጥጃውስ?"

"እሱም ያንተ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ደገፋ ግን አልሳቀም፣ ያስብ ነበር። ብዙ ተነጋግረው ተዳፋቱ ሳይነካ እንዲቆይ፣ ቤቶቹ አጠገብ ያለውን ሜዳ ግን ሌላ መሬት የሌላቸው እንዲያርሱት ተስማሙ። ጫልቱ ከሜዳው ታገኝ የነበረው ሣር ቀረባት። ምሳችን ትኩስ የገብስ ዳቦና አይብ ነበር፤ ገብሱ የተሸመተ መሆኑን የቶሎሳ ሚስት ነገረችኝ።

መሪ፣ አመሻሽ

እግሬ ተላልጦ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጫልቱ የወተት ዋጋ መጨመሯን ስትናገር ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አጉረመረመች። "ምን አዲስ ነገር ተገኘና ነው?" አለችኝ።

ያየሁትን ነገርኳት። ተራራው ሣር ለብሶ እንዲቆይ ሰዎች ገብሳቸውን ትተዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ወተቱን ጠጥቻለሁ።