የግራው ወንበር

የምሥራች! ጀልባው ማዕበል ላይ ሰው አይደበድብም። ነፋሱ ሐይቁን በአረፋ ነጭ በነጭ ባደረገበት ጠዋት ከድልድዩ እስከ ማዶ ጥግ ድረስ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ነው የሄደው። ሲታጠፍ አይንሸራተት፣ ሲፈጥን እንደ ዳክዬ አይወላገድ፣ ሲነሳ አፍንጫውን ሰቅሎ ሰማይ አያሳይ። የምሥራቹ የሆሊስ ቲድዌል ነው፤ ጋንተርስቪል ሐይቅ ዳር እንደ እሱ ያለ ጀልባ ፈታሽ የለም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚናገር ደግሞ ጭራሽ የለም።

ሆሊስ ከጎማ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ነው። ከዚያ በፊትም ሥራው እሱው ነበር፤ ፋብሪካው መሀል እየገባ አስቸገረው እንጂ። የጀልባ ጓዱ ዴልመር ስፕራድሊን ነው። አንድ ፈረቃ ላይ አብረው አርጅተዋል፤ በጥንድ የዓሣ ማጥመድ ውድድር የአንዱ ስም ያለሌላው ተጠርቶ አያውቅም። ባለፈው መጸው ግን ዴልመር ወገቡን ቀዶ ጥገና ተደረገ። ሐኪሙም የሚያንገጫግጭ ጀልባ ላይ ድርሽ እንዳትል አለው።

ሆሊስ ይህን እንደሰማ አሮጌውን ጀልባ ሸጠና ማዕበል ላይ የሚለሰልስ ጀልባ ፍለጋ ክረምቱን ሙሉ ሻጮቹን አሰቃየ። ዴልመር ለፀደዩ ውድድር አብሮት እንዲወጣ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለገም። አንዱን ይነዳና ጥርሴን አራገፈው ይላል፣ ሌላውን ይነዳና መታጠፍ አያውቅም ይላል። በመጨረሻ ይኼኛውን አገኘ። ሁሉንም የሞከረው ግን መሪ ጨብጦ ነው። እዚያ አገር የሚነዳው ባለጀልባው ነው፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው መሪ አይጠይቅም። መሪ መጠየቅ የሰው ሚስት ለጭፈራ እንደመጋበዝ ነው፤ ይቻላል፣ ግን አይደረግም።

ዛሬ ጠዋት ዴልመር ከዘራውን መኪናው ውስጥ ትቶ መጣና እንደ ልማዱ የግራው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የጀልባው መሪ በቀኝ ነው። ሆሊስ ጋዝ ሰጠ። እየነዳ ስለ ጀልባው ሆድ አወራ፣ ስለ ወንበሩ ስፖንጅ አወራ፣ ከማዶ እስኪደርሱ አፉን አልዘጋም። እዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር ሲል ዴልመር ሁለት እጁን ከመያዣው አላላቀቀም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እሺ ሽማግሌው፣ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለ ዴልመር። እጁን ከመያዣው ፈልቅቆ፣ «ስንመለስ እኔ ልንዳ» አለ።

ሆሊስ ሳቀ። ሐኪሞቹ የነኩት ወገብህን ብቻ መስሎኝ፣ ጭንቅላትህንም ከፍተውታል እንዴ ብሎ ቀለደበት። ግን ተነሳለት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ጀልባው የግራው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ዴልመር በክፋት አልነዳም። ልክ ሆሊስ እንደሚነዳው፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው መስመር ነዳ። መሪ የያዘ ሰው ማዕበሉን ቀድሞ ያየዋል፣ ክንዱንም እግሩንም ያጠነክርለታል። ከጎኑ ያለው ግን ሳያስበው ነው የሚያርፍበት። የመጀመሪያው ማዕበል ሆሊስን አንስቶ ወንበሩ ላይ አፈረጠው። ሁለተኛው ምላሱን አስነከሰው።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

ዴልመር ጋዙን ለቀቀ። «እኔ እኮ ምንም አልተሰማኝም» አለ። ማሾፉ አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

ሆሊስ ከከንፈሩ ላይ ደሙን ጠረገ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ደህና ነህ ትለኛለህ፣ መልሱን ሳትሰማ ጋዝ ትሰጣለህ። ስንት ዘመን።»

«እንግዲህ አንተ ትነዳለህ። ከዛሬ ጀምሮ መሪው ያንተ ነው። እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።»

«ጀልባው ጥሩ ነው ሆሊስ፤ እንከን አይወጣለትም። ወገቤ ደህና ሳለ መሪው ያንተ ነው ብትለኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አሁን ግን ሌላ ሰው ፈልግ።»

ዴልመር ጀልባውን ቀስ አድርጎ ወደቡ አስጠጋ። ሲወርድ ሆሊስ እጁን ዘረጋለት፤ ዴልመር አልያዘውም። ተንበርክኮ፣ በጉልበቱ እየዳኸ የወደቡ የእንጨት መረማመጃ ላይ ወጣ፤ ወደ መኪናውም ሄደ። ሆሊስ እስካሁን እዚያው ነው። ንጹሑን ጀልባ በጨርቅ ይወለውላል፤ የግራውን ወንበር አንዴ ነካ፣ አንዴ ጫን እያደረገ ይሞክረዋል።

መንገድ ላይ ያለችው የማጥመጃ ሱቅ ባለቤት ቬርና ደግሞ ሁለቱ ጓዶች ወደ ሐይቁ ተመለሱ ብላ የሱቅ ደንበኛውን ሁሉ ሰብስባ፣ ብስኩትና ቋሊማ ጠብሳ ትጠብቃለች። ሆሊስ ብቻውን ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ዴልመር የት ቀረ ብላ ነው። ጨርቁን ሊያስቀምጥ ነው መሰለኝ፤ ከወደቡ ቆሜ የማየው እኔ ቀድሜው ልሮጥ። ዴልመርን አታንሺበት፣ ስለ ጀልባው ብቻ ጠይቂው ልበላት።