መብራት በሄደ ሰዓት የሠራ መጋዝ

ቅዱሳን፣ “የሚመሰክር ካለ እጁን ያንሳ” ሲባል ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር የማስር ሰው እንደሆንኩ አጠገቤ የምትቀመጡ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ማንም ሳይጎተጉተኝ ራሴ ጠይቄ ነው የቆምኩት። ጌታ በግራ እጄ ላይ ያደረገውን ልናገር እወዳለሁ። ያላደረገውንም እናገራለሁ። ያላደረገውን የሚዘል ምስክር ስሰማ እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይበላኛል። እስኪ ሃሌሉያ በሉ! ቀስ ብላችሁ በሉ፤ ገና ምንም አልነገርኳችሁም።

ስሜ ታዬ ይባላል። የተወለድኩት እዚሁ ጅግጅጋ ነው፤ አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ። በአንድ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ። እንጀራዬ ያለው ጣቶቼ ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከማመኔ በፊት የነበረኝን ሕይወት ልናገር ስል መጠጥና ጫት የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። አዝናለሁ፤ አልጠጣም፣ አልቅምም ነበር። የእኔ ሱስ ጥርጣሬ ነበር። ሰባኪውን እጠረጥራለሁ። እግዚአብሔር የለም ብሎ የጻፈውንም አንብቤ እጠረጥራለሁ፤ እሱም መጽሐፉን ሊሸጥልኝ ነው እላለሁ። ሰው “ደህና አደርክ?” ካለኝ፣ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ባለቤቴ ወርቅነሽ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድማ ጌታን አግኝታለች። እሁድ እሁድ እሷን ላደርስ እመጣና እዚያ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጬ ምስክርነታችሁን አዳምጥ ነበር። ልታነጽ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ጊዜ “ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነበር” ያለው ሰው አሁን “ሬሳ ክፍል ሊያስገቡኝ ነበር” ሲል ልይዘው ነው። ቤት ስንገባ ይህንኑ እነግራታለሁ።

“አንተ ሰውዬ” ትለኛለች፣ “መንግሥተ ሰማያት ብትገባም በሩ ላይ ቆመህ ቁልፉ ኦርጅናል መሆኑን ትጠይቃለህ።”

እጠይቃለሁ፤ ምን ክፋት አለው?

በግቢያችን የኒም ዛፍ አለ። አንዱ ቅርንጫፉ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤታችንን የአደር ዩሱፍን ቆርቆሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይገርፋል። የጅግጅጋን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አደር ዩሱፍ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እንደ ሰፈሩ ልጆች በሶማሊኛ “አደር”፣ አጎቴ፣ እላቸዋለሁ። “ወላል” አሉኝ (ወንድሜ ማለታቸው ነው) አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ “ይሄ ዛፍህ ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለው? ወይ አስታርቀን፣ ወይ ቁረጠው!”

ሰው ልቅጠር አልኩ፤ ሰውየውን ጠረጠርኩት። በሶኬት የሚሠራ መጋዝ ልዋስ አልኩ፤ መብራቱን ጠረጠርኩት፤ በዚህስ ልክ ነበርኩ። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ ልገዛ ወደ ድንበሩ ገበያ ቶጎጫሌ ወረድኩ።

ሻጩን አደከምኩት። ባትሪውን አስወጥቼ በመነጽር አየሁ። ካርቶኑን አሸተትኩ። “ይሄ ፎርጅድ ነው” አልኩት፤ ልጁ ማለለኝ፤ መሐላውንም ጠረጠርኩት። በመጨረሻ እጀታው ላይ አንድ ነገር አየሁ። በአውራ ጣት ካልተጫኑት ቃታው አልሳብ የሚልበት ትንሽ ቁልፍ አለ። ያቺን ቁልፍ ተጭኖ በጥቁር ናስትሮ ጠፍሯታል።

“ይሄ ምንድነው?”

“ለደንበኛ ብለን ነው፣ ወላሂ! ካልታሰረች ሰው በአንድ እጁ ይሞክርና ‘አይሠራም’ ብሎ ጥሎት ይሄዳል። አሁን ጣትህ አይደክምም። ሳብ ታደርጋለህ፣ ይሄዳል።”

ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ የጠረጠርኩ ሰው ናስትሮዋን ወደድኳት! ቁልፏን የፋብሪካ ጠበቆች ለፈሪ ሰው ያስቀመጧት ናት ብዬ ደመደምኩ። ልጁ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሲያወጣልኝ ደግሞ፣ “አሃ! ዋናው ንግድህ ለካ ይሄ ነው” ብዬ ስቄበት ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በሸበጥ ሆኜ ሥራ ጀመርኩ። የእኛ ኒም ላይ ከቅጠሉ ፌስታሉ ይበዛል፤ ነፋሱ ከገበያ የሚያመጣው ሁሉ እዚያ ይሰቀላል። መጋዙ እንደ ቅቤ ሲቆርጥልኝ ቆየ፤ ከዚያ ሰንሰለቱ አንዱን ፌስታል ያዘና ወደ ውስጥ ጎትቶ ቀጥ አለ። በዚያችው ቅጽበት ወርቅነሽ ከውስጥ፣ “ሄደ! መብራት ሄደ!” ብላ ጮኸች።

አሁን በደንብ ስሙኝ፤ ይህን ስህተት ለመሥራት እንደኛ መብራት የሚሄድበት ከተማ ውስጥ መኖር ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ መብራት ሄደ ማለት ማሽን ሁሉ ሞተ ማለት ነው። ወፍጮው ይቆማል፤ ብየዳው ይቆማል፤ ግራይንደር የያዘው ሰው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ላቡን ይጠርጋል። ሰውነታችን ይህን በዓመታት ተምሮታል። እኔ መጋዙን የገዛሁት መብራት ስለሚሄድ ነበር። መብራት ሄደ ሲባል ግን መጋዙ የቆመው በዚያ ነው ብዬ አመንኩ። ባትሪው ሙሉ እንደሆነ ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። የቤንዚን መጋዝ እንኳ ካላጠፉት ያጉረመርማል፤ ይሄኛው ዝም አለ። ዝምተኛ ሰው ባየሁ ቁጥር ምን እያሰበ ነው የምል ሰው፣ ዝም ያለ መጋዝ አመንኩ።

“አይ እነዚህ ሰዎች!” እያልኩ መብራት ያጠፉትን እየረገምኩ፣ መጋዙን በጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ ፌስታሉን በግራ እጄ ሳብኩ። ጉልበቴ ቃታውን ተጫነ። የሚከለክለው ቁልፍ ታስሯል። ፌስታሉ ወጣ፤ ሰንሰለቱ ዞረ።

የሆነውን አልተርክላችሁም፤ ሕፃናት አሉ። ወርቅነሽ “ኢየሱስ! ኢየሱስ!” እያለች ወጣች። አደር ዩሱፍ ጩኸቱን ሰምተው በበሩ ገቡና የአንገት ፎጣቸውን አውልቀው እጄን አጥብቀው ጠቀለሉት። በአሮጌዋ ፒካፕ መሃል አስቀምጠውኝ ወደ ሆስፒታል በረርን። በአንድ ጎኔ ወርቅነሽ ኢየሱስን ትጠራለች፤ በሌላው ጎኔ አደር ዩሱፍ መሪውን ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ በመሃል ሁለቱንም እጠረጥራለሁ።

“መንገዱ በዚያ በኩል ይቀርባል” አልኩ።

“እጅህን ወደ ላይ ያዝ!” አሉኝ። “ክርክሩን ስትድን ትጨርሰዋለህ!”

ሆስፒታል የተቀበለኝ ወጣት ሐኪም ነው። ቁስሉን እያየ፣ “ጋሼ፣ ምን ነካዎት?” አለኝ።

“መጋዝ። መብራት ጠፍቶ ሳለ።”

“መጋዙ በሶኬት ነው የሚሠራው?”

“በባትሪ።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ታዲያ የመብራቱ መጥፋት ምን አገባው?”

ቅዱሳን፣ ብታምኑም ባታምኑም እስከዚያች ጥያቄ ድረስ አልገባኝም ነበር። መንገዱን ሁሉ በልቤ የከሰስኩት መብራት ያጠፉትን፣ ሻጩን፣ ፌስታል የሚጥለውን ሰው ነበር። አልጋው ላይ እንዳለሁ ከሳሹ እኔ፣ ተከሳሹም እኔ ሆንኩ።

“የሁለት ጣቶች ጅማት ተቆርጧል፤ የአመልካቹና የመሃለኛው” አለ ሐኪሙ። “እንሰፋዋለን። ላይታጠፉ ግን ይችላሉ። ቃል አልገባልዎትም።”

ቃል ስላልገባልኝ ወደድኩት። ፍርሃቱ ግን ያኔ ገባኝ። በእነዚህ ጣቶች ነው የምጽፈው፤ በእነዚህ ነው ቤቴ የሚያድረው።

ቀዶ ጥገናውን ስንጠብቅ ወርቅነሽ፣ “ሽማግሌዎቹ ውጭ አሉ። ሊጸልዩልህ ይፈልጋሉ” አለችኝ። እኔም ለዓመታት ያዘጋጀሁትን ጥያቄ አወጣሁ።

“ካልዳንኩስ?”

መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። “እምነት ስለጎደለህ ነው” ትለኛለች፣ እኔም ወጥመዱ ይኸው ተገኘ እላለሁ። ቶጎጫሌም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ካርቶኑ ሥር የተደበቀ ነገር የሌለበት ዕቃ አላውቅም ነበር።

ወርቅነሽ ግን ፎጣውን እያስተካከለች፣ “ካልዳንክ ካልዳነው እጅህ ጋር እኖራለሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ጌታም ከእኔ አያንስም” አለች።

መልሷን ገለበጥኩት። ሥሩን አየሁ። ሌላ ምንም የለበትም። ያለ ቅድመ ሁኔታ የቀረበልኝ ነገር ገጥሞኝ አያውቅምና “ይግቡ” አልኳት። ክብር ለእሱ ይሁን! ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔም በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ጸሎት ጸለይኩ። የሚያምር ጸሎት አልነበረም። “ጌታ ሆይ፣ አንተን ገና እጠረጥርሃለሁ። ከአንተ ይልቅ የምጠረጥረው ሰው ግን ዛሬ አግኝቻለሁ፤ በዚህ ሰው እጅ ከምቀር በአንተ እጅ ልሁን” አልኩ። መብረቅ አልወረደም። ሰውነቴን ሙቀት አልወረረውም። ማደንዘዣ ሰጡኝና ተኛሁ። ስነቃ ግን፣ ወንድሞቼ፣ ሰላም ነበረኝ። ማደንዘዣው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩት። ማደንዘዣው ለቀቀ፤ ሕመሙ መጣ፤ ሰላሙ አልሄደም። እስከ ዛሬ አልሄደም። ሃሌሉያ! አሁን ጮክ ብላችሁ በሉ!

ከዚያ ወራት የፈጀ ፊዚዮቴራፒ ነበር። ባለሙያዋ ጣቴን በያዘች ቁጥር ጣራውን እያየሁ ዘመርኩ፤ ጮህኩ ማለት ይቀላል። አንድ ቀን የመሃለኛው ጣቴ ታጠፈ። ሐኪሙ ደጋግሞ አሳጠፈኝና፣ “ይህን አልጠበቅኩም” አለ። በትክክል ያለው ይህን ብቻ ነው፤ አላስረዝመውም። ጌታ ይባረክ! አመልካች ጣቴ ግን እስከ ዛሬ አልታጠፈም። አደር ዩሱፍ መጥተው አዩትና፣ “ወላል፣ አንተ ድሮም ሰው ላይ ትቀስር ነበር፤ አሁን ፈቃድ አወጣህ!” ብለው በሳቅ ወደቁ።

አንድ የተወደደ ወንድም ባለፈው ሳምንት ጎኔ ተጠግቶ፣ “ወንድም ታዬ፣ ስትመሰክር የታጠፈውን ብቻ ብትናገር ሕዝቡ ይበልጥ ይባረካል” አለኝ። እወደዋለሁ፤ በቅንነት ነው። ነገር ግን የኋላው ወንበር ላይ እንደ ድሮው ታዬ ያለ አንድ ሰው ተቀምጦ ጣቶቼን ይቆጥራል። እግዚአብሔር በእኔ ማሳመር ካልታገዘ የማይቆም ከሆነ ከመጀመሪያውም አልቆመም። እሱ ግን ቆሟል!

ታድያ ጥርጣሬህን ጌታ ወሰደልህ ወይ የምትሉኝ አላችሁ። አልወሰደውም፤ ቦታውን አስተካከለው። መጋዙ ዛሬም ቤቴ አለ፤ እሠራበታለሁም። ናስትሮዋን በማግሥቱ ወርቅነሽ ልጣ ጥላታለች። ከመጀመሬ በፊት ፌስታሉን ሁሉ በዱላ አራግፋለሁ። ሸበጥ አውልቄ ወፍራም ቆዳ ጫማ፣ ጓንት፣ መነጽር አደርጋለሁ፤ ያን የቶጎጫሌ ልጅ በልቤ ይቅርታ እየጠየቅኩ። መጋዙን በሁለት እጄ ካልያዝኩት አላስነሳውም፤ ቀኜ ቃታው ላይ፣ ግራዬ ፊተኛው እጀታ ላይ። ከትከሻዬ በላይ ያለን ቅርንጫፍ አልነካም፤ መሰላል ላይ ወጥቼም አልቆርጥም። የመጋዙ የፊት ጫፍ ጠንካራ ነገር ከነካ ወደ ፊታችሁ ይዘላል፤ አትመኑት። ሰንሰለቱ ሲይዝ፣ ልጠርገው ስል፣ ላጠብቀው ስል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውን ነቅዬ ለወርቅነሽ እሰጣታለሁ። መብራት ኖረም ሄደም! እሷም ኪሷ ከትታ፣ “እርግጠኛ ነህ ጨረስክ?” ትላለች። ከእኔ ተጋብቶባታል።

አንተ፣ እዚያ በሩ አጠገብ እጅህን አጣጥፈህ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ አይቼሃለሁ። ወደ ፊት ውጣ ልልህ አይደለም፤ በሙሉ ልብህ ጠርጥር። እኔንም ጠርጥር። ግን ስትጠረጥር ራስህን አትዝለል፤ ያን ጊዜ የምትደገፍበት ታጣለህ፣ ያን ጊዜ እሱ ቅርብ ነው። አንቺም እህቴ፣ ለማያምን ባልሽ ስትጸልዪ የደከመሽ፣ አትተዪ፤ ይሰማል፣ ባይመስልም ይሰማል።

ስብሰባው ሲያበቃ በሩ ላይ እቆማለሁ። ለሰላምታ የግራ እጄን ነው የምዘረጋላችሁ፤ እንደ ንቀት አትቁጠሩብኝ። ጨብጡትና ራሳችሁ መርምሩ። አራቱ ጣቶች መልሰው ይጨብጧችኋል፤ አንዱ አይጨብጣችሁም። ስለ አራቱም ስለ አንዱም ጌታዬን አመሰግናለሁ።