የቆርኪ ጦር

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐይቃችን አጠገብ፣ ከጉዱማሌ አለፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ አንዲት ሴትዮ የእግር መፈተጊያ ድንጋይ ዘርግታ ስትሸጥ አየሁና አንዱን አንስቼ በመዳፌ መዘንኩት። ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ነው። ሻጯ ተረከዜን አየት አድርጋ ሁለት ውሰጂ አለችኝ፤ እውነቷን ነው። እኔ ግን ዱቄቱ ጣቴ ላይ ሲቀር ተረከዜን ረስቼ የአባቴን ተራራዎች እያሰብኩ ነበር።

አባቴ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ፣ የጦር ሜዳ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ አገልግሏል፤ ስለዚያ ዘመን ግን በአፉ አያወራም፣ የሚያወራው በጠረጴዛ ነው። እሑድ ከቸርች መልስ፣ ምሳ ተበልቶ ጠረጴዛው ሲጠረግ፣ ከዚሁ ድንጋይ የጠረባቸውን ተራራዎች፣ ታንኮችና መኪኖች ይደረድራል፣ በሐይቅ ዳር አሸዋ መንገድ ያወጣል፣ ከዚያ እኔና እሱ እንዋጋለን። ወታደሮቻችን ቆርኪዎች ነበሩ፤ የእኛ ጦር የለስላሳ፣ የጠላት ጦር የቢራ። እናቴ የቢራ ቆርኪ ቤቴ አይገባም ብላ ብታስቸግረው “ጠላት አይደለም እንዴ?” ብሎ አፏን አስያዛት። ችግሩ ለቃሚዋ እኔ መሆኔ ነው። አንድ ቀን ግሮሰሪ በር ላይ ጎንበስ ብዬ ስለቅም አንድ የቸርቻችን ሽማግሌ አዩኝና ሳምንቱን ሙሉ ለቤታችን ተጸለየልን። ዳይስም የቁማር ዕቃ ነው ስለተባለ ተኩሱን የሚወስነው ቦሎቄ ነበር፤ ከከረጢቱ ቀይ ከወጣ ተመታ፣ ነጭ ከወጣ ተረፈ።

አንዱ ወታደር ግን ቆርኪ አልነበረም። ከአባቴ አሮጌ የወታደር ካፖርት ላይ የተቆረጠ የነሐስ ቁልፍ ነበር፤ ስሙም ዳንጊሶ። የቡሹሎ መንደር ልጅ፣ የአባቴ ጓደኛ፣ ከጦርነቱ ያልተመለሰ። ቦታው ሁልጊዜ ተራራው ሥር ነው፤ ዳንጊሶ በራሱ አይነቃነቅም የሚል ሕግም ነበረን። የእኔ ሥራ የቢራው ጦር ሳይቀድመኝ መኪኖቼን አድርሼ እሱን ማውጣት ነው። በግራ ሞከርኩ፣ በቀኝ ሞከርኩ፣ ታንኮቼን ሁሉ ገበርኩ፤ ቀዩ ቦሎቄ አላስደርስ አለኝ። አባቴ ሁልጊዜ የጠላትን ወገን ሲይዝ ለእኔ አዝኖ ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ብቻ ተሳካልኝና ደረስኩ። በመሸነፉ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አላየሁም፤ ተነስቶ አገላብጦ ሳመኝና ወዲያው፣ እስቲ እንዴት እንዳደረግሽው እንደገና አሳዪኝ አለኝ። በሁለተኛው ግን አልሆነልኝም።

የዳንጊሶ እናት አልፎ አልፎ ከቡሹሎ ሊጠይቁን ይመጡ ነበር። አባቴ ጉልበታቸውን ስሞ ያስቀምጣቸዋል፣ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ይጫወታሉ፣ የልጃቸው ነገር አይነሳም። አንድ እሑድ ግን ጨዋታችን መሃል ላይ ደረሱና ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣ ዳንጊሶን ላወጣው ነው አልኳቸው።

ጠረጴዛውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሲዳምኛ፣ ዝግ ብለው፣ አባቴን “የእኔ ልጅ የትኛው ነው?” አሉት።

በጣቱ አሳያቸው። ከዚያም እናቴ እንኳን ሰምታው የማታውቀውን ነገራቸው። ጦሩ ሲያፈገፍግ ለዳንጊሶ ቡድን፣ ባላችሁበት ቆዩ፣ መኪና ይመጣላችኋል የሚለውን ትእዛዝ በሬዲዮ ያስተላለፈው እሱ ነበር። ትእዛዙ የአለቃው ነው፣ ድምፁ ግን የአባቴ። ዳንጊሶም ድምፁን አውቆ፣ አንተ ካልክ እሺ ብሎ መለሰለት። መኪናው አልሄደም።

እማማ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። ቁልፉን ከተራራው ሥር ቀስ ብለው አነሱትና የያዘውን አሸዋ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉለት።

“ብዙ ቆየ” አሉ። “አሁን ይብቃው። ቤቱ ላስገባው።”

በሌላ እጃቸው የአባቴን ራስ ዳበሱት። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ምሳ ብቻ የሚበላበት ሆነ። አባቴን ቀለል አለው፤ ሬዲዮ ሲጠግን ያፏጭ ጀመር። እኔ ግን ልጅ ነኝና ጨዋታዬን የቀሙኝ መስሎኝ ከረምኩ፤ እናቴም ጊዜ ሳታጠፋ ቦሎቄውን ቀቀለችው።

ዛሬ የአባቴ ሱቅ የሞባይል ቀፎ ይሸጥበታል። አባቴም የለም፣ እማማም የሉም። ከሴትዮዋ የገዛሁትን ድንጋይ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ተረከዜም እንደሻከረ ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛውን ስጠርግ እጄ ይዘገያል፤ ከማዶ የቢራውን ጦር ይዞ የሚጠብቀኝ ያለ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ቢሸነፍልኝ ብዬ እመኛለሁ። እኚያ እናት ልጃቸውን ከጠረጴዛ ላይ አንስተው ይዘውት ገቡ። እኔ አባቴን ከየት ላንሳው?