ድስቴን ይዤ ምድጃ ፍለጋ

ይህ የደረሰብኝ አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ልትሰፋ ነው በተባለበት፣ በማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው፤ የሱሉልታ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በድንጋይ በሚዘጋበት፣ ሰው ከቤቱ ሲወጣ "በሰላም ያግባሽ" ተብሎ በሚሸኝበት ሰሞን። ያ ጊዜ ሲነሣ የብዙ ሰው ፊት ይጠቁራል፤ ቢጠቁርም እውነቱን ነው። እኔ ግን ሳስታውሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ሽንኩርት ነው፣ ቀጥሎ የባለቤቴ ሱፍ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የገብርኤል ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን፤ በየወሩ በተራ እንደግሳለን፤ የእኔ ተራ ታኅሣሥ ነው። የታኅሣሥ ገብርኤል ደግሞ እንደሌላው ወር አይደለም፤ ከማኅበርተኛው ሌላ ጎረቤቱም መንገደኛውም ይገባል። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፤ ሽሮውና ምስሩ ካልጣፈጠ መደበቂያ የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሽሮ አልታማም። ራስን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ አልታማም።

ችግሩ ደረቴ ነበር። ሐኪሙ ከጭስ ካልራቅሽ እኔ ጋ መመላለሱን ተዪው ብሎ ቁርጤን ነገረኝ። በማገዶ እንዳልሠራ ተከለከልኩ። መብራት እኛ ሰፈር ሲመጣ ደስ ይላል እንጂ ሲሄድ አይሰናበትም። ትንሿ ቡታጋዜ ደግሞ የድግሱን ድስት ስጥድባት እግሯ ተጣሞ ምስሩ በሙሉ መሬት ላይ ተደፋ።

በዚህ የተነሣ በፊተኛው ዓመት ተራዬ ሲደርስ ማኅበርተኞቹ አዝነውልኝ በየቤታቸው ሠርተው አመጡልኝ። በደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብርቄ የምትባል አለች፤ ጓደኛዬም ናት፣ ተፎካካሪዬም ናት። ብርቄ የኔን ጓዳ ከፍታ፣ የኔን ጭልፋ ጨብጣ፣ ብድግ ባልኩ ቁጥር "አንቺ ቁጭ በይ" ትለኛለች። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ዋልኩ። እንግዳው ሁሉ ሲሸኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ይባስ ብሎ ተራዬን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው የሚል ወሬ ጆሮዬ ገባ። ያኔ ቆረጥኩ። የሚመጣውን ገብርኤል በገዛ እጄ ሠርቼ አበላለሁ፤ ካልሆነልኝ ከማኅበሩ እወጣለሁ አልኩ።

እግዜር ሲረዳኝ ዕቁብ ወጣልኝ። ባለቤቴ ታደሰ ሶፋ እንድንቀይር ነበር ሐሳቡ። እኔ ምድጃ አልኩ፤ ያውም ተራውን አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣውን፣ ባለ ብዙ እሳቱን፣ ትልልቅ ቤት የሚገባውን። ምነው ሆቴል ልትከፍቺ ነው እንዴ እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። ኋላ ግን ሳል ሲያጣድፈኝ ባየ በማግሥቱ መቼ ነው የምንሄደው ብሎ ራሱ ጠየቀኝ።

የምንሄድበት ቀን ጠዋት ታደሰ ለልጃችን ምርቃት ያሰፋውን ጥቁር ሱፍ ለበሰ። ክራቫት አሰረ። ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰካ። ትልቅ ሱቅ ስለምንገባ እንዳይንቁን ነው አለ። እኔ ደግሞ የድግሱን ድስት በነጠላ አስሬ፣ ማማሰያዬን ይዤ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ትንሽ ዘይት በፌስታል ቋጥሬ ከጓዳ ብቅ አልኩ። ሲያየኝ ክው አለ።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ምድጃ ልንገዛ አይደለም እንዴ የምንሄደው?"

"አንተ ጫማ ስትገዛ እግርህን ቤት ትተህ ትሄዳለህ?" አልኩት።

አዲሱ ገበያ ከታክሲ ስንወርድ እንደማያውቀኝ ሰው ቀድሞኝ ነጎደ። ሱፍ ከለበሰ ሰው ኋላ ድስት የተሸከመች ሴት ስትከተል ማን የማያይ አለ? ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። እኔ እቴ፣ ደንታም አልሰጠኝ።

ሱቁ እንደ መስታወት ያበራል። ሻጯ ልጅ ጨዋ ናት፤ ድስቱን ስታይ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። መጀመሪያ ያሳየችኝ ምድጃ ላዩ ጥቁር መስታወት ነው፤ ፊትሽን ያሳይሻል። እውነት ለመናገር ልቤ ደንግጦለት ነበር። ድስቴን ጣድኩና በማማሰያው አንድ ዙር ሳማስል ድስቱ አብሮኝ ዞረ። ደገምኩት፤ አሁንም ዞረ። እኛ ወጥ የምንሠራው ቆመን እያማሰልን ነው፤ ድስት የሚያዞር ምድጃ ፊት ቢያሳይ ምን ይሠራልኛል? ይቅርብኝ አልኩ።

ሁለተኛው ድስቱን አጥብቆ ይይዛል። ይሄንን ለኩሱልኝ አልኩ። ለማሳያ ያቆሙት ሲሊንደር ነበርና አገናኙልኝ። ሽንኩርቴን አፈሰስኩ። እሳቱ ኃይለኛ ነው፤ ቀንስ ሲሉት ግን አይቀንስም፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል ጫፉ ማረር ጀመረ። ሽሮ ይሄ ላይ ቢጣድ በደቂቃ ይያዛል። እሱንም ተውኩት።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ነበር የቆመው። ኦቨን የለውም፣ እሳቱ ከላይ ብቻ ነው። የድስት ማስቀመጫው ወፍራም ጥቁር ብረት፣ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ። መሐሉ ላይ እሳቱ ድርብ ክብ ነው፤ ሲከፍቱት ድስቱን ከሥር እስከ ጎን ያቅፈዋል፤ ሲቀንሱት ሊጠፋ ነው እስኪሉ ድረስ እንደ ጧፍ ዝቅ ይላል። ሽንኩርቱን እዚያ ላይ እንደገና አቁላላሁት። ዘይቱን ጨመርኩ። በርበሬ አላደረግኩም፤ ሰው ላስነጥስ አልሄድኩማ። ቁሌቱ ሲሸት የሱቁ ሠራተኞች አንድ በአንድ መጥተው ከበቡኝ። ሻጯም "ማዘር፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምሸጠው" አለችኝ።

ታደሰ ዋጋውን ሰምቶ ትን አለው። እኔ ግን እጄን ብረቱ ላይ ጭኜ ይሄ ነው አልኩ።

የተረፈውን ቁሌት መድፋት ነውር ስለሆነ ድስቱን ከድኜ በነጠላዬ መልሼ አሰርኩት። ምድጃውን በትልቅ ካርቶን አሽገው የተከራየናት ፒክአፕ ላይ ጫኑልን። ከሥሩ የሚሆነውን ባለ እግር የብረት ማስቀመጫም በፕላስቲክ ጠቅልለው ካርቶኑ ላይ አሰሩት፤ እግሮቹ ወደ ሰማይ ቆሙ። እኔ ድስቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሹፌሩና ከታደሰ መሐል ተቀመጥኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ እንጦጦን አልፈን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ነገሩ ደስ አላለኝም። በዚያ መንገድ ዳር ሁልጊዜ ሲሮጡ የምናያቸው ሯጮች አንድም የሉም። ሱቆች ተዘግተዋል። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ በድንጋይ ታጥሯል፤ ዱላ የያዙ ብዙ ወጣቶች ቆመዋል። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መሰለ።

ከበቡን። አንዱ ከኋላ ያለውን እያየ "ኩን ማሊ?" ይላል፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት ታደሰ ሱፉን እያስተካከለ ወረደና፣ ወንድሞቼ ተረጋጉ፣ ይህ የግል ንብረት ነው ብሎ በቢሮ አማርኛ ይጀምርልኛል! ሱፍ፣ ክራቫት፣ እስክሪብቶ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን፣ በላዩ ላይ የቆመ የብረት እግር። አሁን ሳስበው እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

"ቀያሾች ናቸው!" አለ አንዱ።

እንዴት እንደሚያስፈራ አልነግራችሁም። ያን ሰሞን በየማሳው ባለ እግር መሣሪያ አቁመው መሬት የሚለኩ ሰዎች መጥተዋል፣ ችካል ተክለው ሄደዋል እየተባለ የገበሬው ልብ ቆስሎ ነበር። ወጣቶቹ ፒክአፑ ላይ ወጥተው ገመዱን ይፈቱ ጀመር። አንዱ ካርቶኑን በድንጋይ ሊለው ክንዱን አነሣ። ምድጃው ብቻ መስሎ አልታየኝም፤ ገብርኤልም፣ ተራዬም፣ ዓመት ሙሉ የቋጠርኩት ነገር ሁሉ እዚያ አስፋልት ላይ ሊከሰከስ ነው። ድስቴን እንዳቀፍኩ ዘልዬ ወረድኩ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ወጣቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ኦቦ ደቻሳ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ጎንበስ ብዬ "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ሰላምታዬን ተቀብለው ካርቶኑን በበትራቸው ጠቆሙ። ምድጃ ነው አልኳቸው።

"ምድጃ እግር አለው?" አሉኝ።

ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ደረቴን፣ ጭሱን፣ የገብርኤልን ተራ፣ ብርቄን ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ማመናቸውን ግን ፊታቸው አይናገርም። ቀጥሎ ያቀፍኩትን አዩ።

"ይሄስ?"

ነጠላዬን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሣሁ። ቁሌቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበርና ሽታው ወጣ። ሽማግሌው አጎንብሰው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ምድጃውን እንዴት እንደመረጥኩት፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ እንዳቁላላሁ ስነግራቸው ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

ወደ ወጣቶቹ ዞሩና "ቀያሽ ቁሌት ይዞ አይዞርም። ልቀቋቸው" አሉ።

ሳቁ ፈነዳ። ድንጋይ አንሥቶ የነበረው ልጅ ራሱ ካርቶኑን ቀና አድርጎ መልሶ አሰረልን። ሌሎቹ ድንጋዩን ገለል አድርገው አሳለፉን። ኦቦ ደቻሳ ከመለያየታችን በፊት ማሳቸውን በእጃቸው አሳዩኝ፤ ገብስ ነው። ሰዎች ሳያስፈቅዷቸው መሐሉ ገብተው ለክተው እንደሄዱና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩኝ። የገብርኤል ዕለት ከቤቴ እንዳይቀሩ ብቻ ለመንኳቸው፤ ቤቴ የት እንደሆነም ነገርኳቸው።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ ታደሰ ክራቫቱን ፈታ። "ሱፍህ ሊያስበላን፣ ድስቴ አስጣለን" አልኩት። ድስቱን ከጭኔ ላይ አንሥቶ ቤት እስክንደርስ እሱ አቀፈው።

ገብርኤል ደረሰ። ታደሰ ማያያዣው ጋዝ እንዳያፈስ በሳሙና አረፋ እየፈተሸ ምድጃውን ተክሎልኝ ነበር። ሽሮው በአንዱ፣ ምስሩ በሌላው፣ አልጫው በሦስተኛው፤ መሐል ላይ ትልቁ ድስቴ ቁጭ ብሎ ንቅንቅ አይልም። አንዴም አላሳለኝም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ይጥፋ።

ቤቱ ሞልቶ ካህኑ ከባረኩ በኋላ ኦቦ ደቻሳ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ከማሳቸው ያመጡትን ድንች በጆንያ ተሸክመዋል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከካህኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ሽሮውን ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ሦስተኛ አስጨመሩ። ማኅበርተኛው እኚህ ሰው የማን ዘመድ ናቸው እያለ ሲንሾካሾክ እሳቸው ጣታቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

"ያን ቀን ያመንኩሽ በአፍንጫዬ ነው" አሉኝ። "አሁን ግን በአፌም አመንኩ። ምድጃ ነው።"

ታሪኩን ሲሰማ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ታደሰ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ብርቄም ስቃ ስትጨርስ፣ እንደ ልማዷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እስኪ ልርዳሽ ብላ ወደ ጓዳዬ አመራች። በሩ ላይ ቀድሜ ቆምኩ። ዓመት ሙሉ ምላሴ ላይ ያደረች ቃል ነበረችኝ።

"አንቺ ቁጭ በይ" አልኳት።

አየችኝ። ገባት። ተቃቅፈን ሳቅን፤ ከዚያም ሄዳ ቁጭ አለች፤ እኔም በገዛ ጭልፋዬ ጨመርኩላት።

ከዚያ ወዲህ ተራዬን ይሰጡብኝ ይሆን ብዬ ሰግቼ አላውቅም። ኦቦ ደቻሳ በየዓመቱ ታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቃቸው ማሳው እንዴት ሆነ ብዬ ነው፤ አልተወሰደባቸውም፣ ይኸው ዛሬም ገብሱን ያጭዳሉ። ያን መንገድ ሳልፍ ፍርሃቱ ዛሬም ትንሽ ሽው ይልብኛል፤ ወዲያው ግን የቁሌቱ ሽታ ትዝ ይለኝና ደረቴ በኩራት ይሞላል። ያ የታመመው ደረቴ ማለቴ ነው። ታደሰ ደግሞ ዕቃ ልንገዛ በሄድን ቁጥር ከቤት ሳንወጣ ይጠይቀኛል፤ ድስቱን ይዘሻል ወይ ይለኛል። ሱፉን ግን ቤት ይተወዋል።