የቀፎ ጭስ ነው

እህቴ ጣሂራ፣ ሁሩሙ ከተማ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት ማር ሸጣለች። ማሯ ውስጥ ስኳር ቀላቅላ አታውቅም። ምላሷ ግን ማር አልነበረም፤ የሚነታረካትን ደንበኛ “ሂድና ስኳር ላስ!” ብላ ታባርረው ነበር። ያቺ ጣሂራ ናት እንግዲህ ባሏ መህዲ ከሞተ በኋላ፣ ገበያ ካልወጣች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል የጀመረችው።

መህዲ አጫሽ ነበር። ትራሱ ሥር የቀረውን ፓኮ እሷ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ የምገዛላት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ማንም የማያውቀኝ መቱ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ። የእኛ ከተማ ሰው ሴት ስታጨስ ከሚያይ ስትሰርቅ ቢያያት ይመርጣል። ልብሷ ሲሸት “የቀፎ ጭስ ነው” ትላለች። ማር ሲቆረጥ ንብ በጭስ ስለሚባረር ማንም አይጠረጥርም። ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ገበያተኞቹ “ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?” ሲሏትም “ንብ ነድፎኝ ነው” ትል ነበር።

ዓምና መቱ፣ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ድብርት ነው አለ። ቅጽ እየሞላ “ሲጋራ...” ብሎ ቀና ሲል ሻሿን አየ። “ይቅርታ እናቴ፣ ሁሉንም ሰው ስለምንጠይቅ ነው” አለና መልስ ሳይጠብቅ “አታጨስም” ብሎ ጻፈ። ጣሂራ በጉልበቷ ነካ አደረገችኝ። ዝም አልኩ። ክብሯን የጠበቅሁላት መስሎኝ ኮራሁ እንኳ።

ወራት ሙሉ ኪኒኑን ዋጠች፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። መጠኑ ተጨመረ። እሷም “ትንሽ የሚያስተነፍሰኝ እሱ ነው” እያለች ሲጋራውን ጨመረች። አንድ ቀን ኪኒኑን ወረወረችውና “መድኃኒቱ ምን ያድርግ፣ እኔ ነኝ የማልድነው” አለች።

በማግሥቱ ብቻዬን ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ጭሱ ይህን መድኃኒት ከሰውነቷ ቶሎ ያስወጣዋል” አለኝ። “የሚያስተነፍሳትም ለጊዜው ሱሷን ስለሚያስታግስላት ነው፤ ድብርቱን ግን ሊያባብስባት ይችላል። ይዘሻት ነይ። ሲጋራውን እናስተዋታለን፣ መድኃኒቱንም እያየን እናስተካክላለን። ገና ተስፋ አላት።”

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እየሳቅሁ ነገርኳት፣ እኔ ሞኝ!

“እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም እኮ! ሲጋራው ነው! ሐኪሙ ተስፋ አላት ብሏል!”

ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰች። “ነገርሽው?”

“እንድትድኚ ብዬ...”

“ሰይዳ፣ ነገርሽው?”

ከዚያ ወዲህ መቱን አልረገጠችም። ሐኪሙ ከመቱ መጥቶ ገበያ ላይ እንዳያያት ብላ ማር መሸጧንም ተወች። እሱ እኮ ይሄኔ ስሟንም ረስቶታል። ሲጋራውን አልገዛም ስላት እህል አልቀምስም ትላለች፤ ስለዚህ ዛሬም እገዛለሁ። ያዳንኳት መስሎኝ በገዛ አፌ ቀበርኳት።

ቤታችን ውስጥ ማር ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው። ትናንት ጎረቤታችን ሽብሬ በራችን ላይ ቆም ብላ አሸተተች።

“ይሄ የምን ጭስ ነው?”

“የቀፎ ጭስ ነው” አልኳት።